አንዴ አይቶ የሚቀረውን እንግዳ እንዴት ልመልሰው?

ሰላም ወገን፤ ከድሬዳዋ ነኝ። ከዚራ አንዲት ትንሽ ግቢ ውስጥ የዓሣ ማሳያ ከፍቻለሁ፤ አምስት የመስታወት ገንዳ ነው። የተከፈተ ሰሞን ባጃጅ በሩ ላይ ይሰለፍ ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ የምንተያየው እኔና ፓምፑ ነን።

ሰው ጭራሽ አይመጣም ማለቴ አይደለም፤ አንዴ መጥቶ፣ ሰልፊ ተነሥቶ፣ በዚያው ይቀራል። እኔ የምፈልገው ከሐረር፣ ከሐሮማያ፣ ከጅግጅጋ ደጋግሞ የሚመጣ ቤተሰብ ነው። ሐረር እኮ 60 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም!

አሁን አዲስ ገንዳ ልጨምር ነው፦ ቆሮሶ። "ይሄንንማ ተጠብሶ ነው የማውቀው" የሚለኝ አልጠፋም። ግን እናትየው እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ። ባለፈው ለሙከራ ሳሳይ አንዲት ሕፃን "በላቻቸው!" ብላ አለቀሰች፤ ሲወጡ ስታይ ደግሞ አልሄድም አለች። ማስታወቂያውን በዚህ ልጀምር? እንቁላል የያዘች ለት አንድ ቪዲዮ፣ ጫጩቶቹ ሲወጡ ሌላ፣ በቴሌግራም?

ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፤ ግን ተሳላሚ ነው፣ ቢመለስም በዓመቱ ነው። በሸዋል ኢድ ሰሞን ሐረር ወጥቼ ወረቀት ልበትን? ወይስ ብሩን ለሁለተኛ ጊዜ በግማሽ ዋጋ ለሚያስገባ ትኬት ላውለው? ለሁለቱም አይበቃኝም፤ አቦ፣ የድሬ ውኃ መስታወቱ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ኖራ ማስለቀቁ ጨረሰኝ።

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ደንበኛ የመለሰላችሁ የቱ ነው?