ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዬን ከድሬ ሆኜ እንዴት ላስተዋውቅ? ለትልቅ ቻናል ልስጠው ወይስ በራሴ ልልቀቀው?

የሳቢያኑ ድምፃዊ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ሠርግ ላይና ማታ ማታ ሆቴል ስዘፍን አራት ዓመቴ ነው። አሁን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዬን አስቀርጬ ጨርሻለሁ። የሠርግ ዘፈን ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ የተቀላቀለ፣ ልክ እዚህ እንደምናወራው፣ በአንዱ ጀምረን በሌላው እንደምንጨርሰው። ግጥምና ዜማው የራሴ ነው። ቢቱን (ከድምፄ ሥር ያለውን ሙዚቃ) ግን ዩቲዩብ ላይ «ነፃ» ብሎ ከለቀቀ ሰው ነው ያወረድኩት። ከዚራ የሚሠራ አንድ ልጅ ክራርና ቤዝ ጨመረበት።

እጄ ላይ የቀረኝ 25 ሺህ ብር ነው። ብዙ ተከታይ ያለው የሙዚቃ ቻናል የያዘ ሰው «ስጠኝ፣ ክሊፑን እኔ እለቅልሃለሁ፣ አንድ ብር አትከፍልም» ብሎኛል። ውሉን ሲልክልኝ ግን «ድምፁንና ምስሉን ለዘለቄታው አስተላልፌያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አየሁበት። ሌላው ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ሰው ነው፤ 100 ሺህ ቪው በ8 ሺህ ብር ይላል። ሦስተኛው በራሴ ቻናል መልቀቅ ነው፤ ያለኝ ግን 212 ሰብስክራይበር ነው፣ ግማሹ ዘመድና ጓደኛ። አራት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነውና ምከሩኝ።

ከዚራ ቅንብር፦

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ማስታወቂያውን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ቢቱን እናንሳ፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ በአሸዋ ላይ ነው።

«ነፃ» የሚሉት አብዛኞቹ ቢት ሠሪዎች «ሞክርበት፣ ገንዘብ ግን አታግኝበት» ማለታቸው ነው። ስፖቲፋይ (ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚሰማበት መተግበሪያ) ላይ ወይም ማስታወቂያ በሚገባበት ዩቲዩብ ላይ ስታወጣው ያ ነፃነት ያበቃል። ከፍለህ ብትገዛው እንኳ በርካሽ የሚሸጠው ለአንተ ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ቢት ሌላ ሰውም ገዝቶ ሊዘፍንበት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቢት የተሠራ ዘፈን ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ ላይ አይመዘገብም። ኮንቴንት አይዲ ማለት አንተ ያስመዘገብከውን ድምፅ ዩቲዩብ በሌሎች ቪዲዮ ውስጥ እየፈለገ የሚይዝልህ አሠራር ነው። ብታስመዘግበው በዚያው ቢት የዘፈኑት ሰዎች ሁሉ ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) ይመጣባቸዋል፣ እነሱም ወደ አንተ ይመለሳሉ፣ አከፋፋይህም (ዘፈንህን ወደ ስፖቲፋይና ወደመሳሰሉት የሚያስገባልህ ድርጅት) አካውንትህን ሊዘጋው ይችላል። በዚህ ምክንያት አንድ ደህና ዘፈን ከሁሉም ቦታ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ሌላ ዘፈን ለመቅረጽ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ዜማው የአንተ ነው፣ ድምፅህም ለብቻው ተቀርጿል። ክራሩን የመታልህን ልጅ ከበሮውንና ኪቦርዱን ከዜሮ እንዲሠራው አድርገው። የራሱ የሆነ ነገር ያምጣ እንጂ የድሮውን ቢት እንዳይቀዳው አደራ። ከ25 ሺህህ ዋናው ወጪ ይህ ይሁን። ሲጨርስ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፦ ስንት እንደከፈልከው፣ ቅንብሩን ለአንተ ማስተላለፉን፣ ከገቢው በመቶ የሚደርሰው ካለ ስንት እንደሆነ። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ነው መጻፍ ያለባችሁ።

ማስተሩን (ተስተካክሎ ያለቀውን ቅጂ) ስትቀበል በስቱዲዮ ድምፅ ማጉያ ብቻ አትስማው፤ ባጃጅ ውስጥ አስከፍተህ ስማው። ድሬ ላይ ዘፈንህ የሚሰማው እዚያ ነው።

የመጋላዋ፦

ከዚራ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ 100 ሺህ ቪው ልናገር፣ የሱቆችንና የሁለት ዘፋኞችን ገጽ ስይዝ የተማርኩት ነው።

ወንድሜ፣ እባክህ አትግዛ። ዩቲዩብ የሐሰት ቪው ሲያገኝ ይቀንሰዋል፣ 8 ሺህ ብርህ ግን አይመለስም። ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ አብዛኛው አድማጩ ሰው ሠራሽ ሆኖ የተገኘ ዘፈን ሲኖር አከፋፋዩን በገንዘብ ይቀጣል፤ አከፋፋዩም ቅጣቱን ወደ አንተ ያዞረዋል ወይም ዘፈኑን ያወርደዋል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። የተገዛው «ተመልካች» አምስት ሰከንድ አይቶ ይወጣል። ዩቲዩብ ይህን ሲያይ ዘፈንህ ሰው የሚጥለው ዘፈን ነው ብሎ ይወስዳል፣ ለእውነተኛ ሰው ማቅረቡንም ይቀንሳል። በገንዘብህ ዘፈንህን ማስቀበር ነው።

ደግሞ ከዩቲዩብ ገንዘብ አገኛለሁ ብለህ በመጀመሪያው ዘፈን አትጨነቅ። ለማስታወቂያ ገቢ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ይጠይቃል። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን እስከ መጨረሻው 60 ሺህ ጊዜ መታየት አለበት ማለት ነው። ስፖቲፋይም ላይ አንድ ዘፈን በ12 ወር 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ክፍያ አያስገኝም።

ገንደ ቆሬ፦

አቦ እኔ ግን ልለያችሁ ነው። ለትልቁ ቻናል ስጠው። የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ሰጥቶ ከዩቲዩቡ ምንም አላገኘም፣ ነገር ግን ያን ዓመት ከጭሮ እስከ ጅግጅጋ ለሠርግ ሲጠራ ነበር የከረመው። የእኛ ዘፋኝ እንጀራው መድረክ ነው። በ212 ሰብስክራይበር ብትለቀው ማን ይሰማሃል? ውሉ ውሉ እያላችሁ ልጁን አታስፈሩት።

የመጋላዋ፦

ወንድም ገንደ ቆሬ፣ እንጀራው መድረክ ነው ያልከውን እቀበላለሁ፣ እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው። «ለዘለቄታው» የሚለውን ቃል ግን ቀለል አድርገህ አትየው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ልጁ የሚፈርመው ገና ያልተወለዱ ልጆቹን ድርሻ ጭምር ነው። ነገ ዘፈኑ ቢወደድና ለፊልም ወይም ለማስታወቂያ ቢፈለግ ገንዘቡን የሚቀበለው ባለ ቻናሉ ይሆናል።

መሃል መንገድ አለ። ባለ ቻናሉን እንዲህ በለው፦ «ክሊፑን ብቻ፣ በአንተ ቻናል ብቻ፣ ለሁለት ዓመት እንድታሳየው እፈቅዳለሁ። ድምፁ፣ ግጥሙ፣ ዜማው የእኔ ነው። ኮንቴንት አይዲ የማስመዘግበው እኔ ነኝ። ስልክ ቁጥሬና የቻናሌ ሊንክ በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይሁን።» እሺ ካለ መልካም ሰው ነው፣ ስጠው። እምቢ ካለ የፈለገው ዘፈንህን እንጂ ሊያስተዋውቅህ አልነበረም። መብትህ እንዲጠበቅ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ለማስረጃ ያህል ግን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ብታስመዘግበው ክርክር ሲነሳ ይረዳሃል።

ገንደ ቆሬ፦

ሁለት ዓመት ብሎ መጻፍ እንደሚቻል አላወቅኩም ነበር። እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። የአክስቴ ልጅ ራሱ አሁን ያን ዘፈን በራሱ ቻናል ሊለቀው አይችልም።

ጁገል ሐረር፦

ሰላም ለድሬዎች፣ ከሐረር ነኝ። ስለ ጊዜው ማንም አላነሳምና እኔ ላንሳው። የሠርግ ዘፈን በተገኘው ጊዜ ሁሉ አይለቀቅም፣ በተለይ እኛ አካባቢ የሁለቱንም ጾም ማሰብ አለብህ። በ2018 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ የየካቲት ሳምንት ገቡ። በ2019 ደግሞ አንዱ ሲፈታ ሌላው ይገባል፤ ጨረቃዋ በአንድ ቀን ብትለዋወጥም ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ይጀምራል፣ ሲያልቅ ዐቢይ ጾም ይተካል። ከየካቲት እስከ ፋሲካ ድረስ የሠርግ ዘፈን የሚከፍት ቤት ታጣለህ።

ስለዚህ ወሩ ጥር ነው፣ መልቀቂያውም ዋዜማው። ገና በ2019 ሐሙስ ይውላል፤ ማግስቱ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ደግሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ ሙዚቃ የሚወጣበት ቀን ነው። ያን ቀን ልቀቀው፣ ረመዳን እስኪገባ አንድ ወር ሙሉ አለህ።

ወደ ኋላ ቆጥረህ ተዘጋጅ። ለአከፋፋዩ ከአራት ሳምንት በፊት አስገባ። ስፖቲፋይ ፎር አርቲስትስ የሚባለውን ገጽ ክፈትና ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት ለፕሌይሊስት አዘጋጆቹ አቅርበው፤ ከወጣ በኋላ አይቀበሉም። አከፋፋዮቹ አከፋፈላቸው ይለያያል። ዲስትሮኪድ በየዓመቱ ያስከፍላል፣ መክፈል ስታቆም፣ ተጨማሪ ከፍለህ ካላስጠበቅከው በስተቀር፣ ዘፈኑ ይወርዳል። ሲዲ ቤቢ አንዴ ያስከፍልና ከገቢው 9 በመቶ ይወስዳል። ራውትኖት በነፃ ያስገባልህና 15 በመቶ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ዘፈን እኔ በየዓመቱ የማያስከፍለውን እመርጣለሁ። የውጭ ካርድ የሌለህ እንደሆነ ዘመድ ይክፈልልህ፣ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ ግን የአንተ ይሁን። በሰው ኢሜይል የተከፈተ አካውንት የሰው ነው።

ከዚያ አጫጭር ቪዲዮ። ከመልቀቅህ ሦስት ሳምንት አስቀድመህ የአዝማቹን 15 ሰከንድ በየሁለት ቀኑ በቲክቶክ ልቀቅ፣ ሁሌ በሌላ ቦታ፦ አንዱን ከዚራ ዛፎቹ ሥር፣ አንዱን ለገሃሬ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት፣ አንዱን ቀፊራ ገበያ መሃል፣ አንዱን እኛ ጋ መጥተህ በጁገል በር። ስልክህን አቁመህ ያዝ፤ ብርሃኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያምራል፣ በእናንተ ሙቀትም ሌላ ሰዓት አይመችም። አካውንትህን ወደ ቢዝነስ አትቀይረው፤ ከቀየርከው ቲክቶክ ለንግድ በተፈቀዱ ሙዚቃዎች ብቻ ይወስንሃል። ዘፈኑ በአከፋፋዩ በኩል ሲገባ ሰው በራሱ ቪዲዮ ላይ ሊያደርገው የሚችል ድምፅ ይሆናል። በየሠርጉ ላይ የሙሽሮች መግቢያ ቪዲዮ የሚሠሩትን ካሜራማኖች ፈልገህ «በነፃ ተጠቀሙበት፣ ስሜን ብቻ ጻፉ» በላቸው። ከማንኛውም ቡስት (ተከፍሎበት ከሚሠራ ማስታወቂያ) ይህ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ያን ቪዲዮ የሚያየው ሰው ቀጣዩ ሠርግ ደጋሽ ነው።

ቴሌግራም ላይ ዘፈንህን ያለ ፈቃድ የሚለጥፉ ቻናሎች ይኖራሉ። ሁሉንም መከልከል አትችልም። የራስህን ቻናል ክፈትና ሙሉውን ሳይሆን ቅንጫቢውን ከሊንኩ ጋር ልቀቅ፣ የሠርግ ቀጠሮ የሚያዝበት ስልክም እዚያው ይኑር።

ድሬ በዲሲ፦

ሰላም የድሬ ልጅ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አጠገብ ነው፣ አሁን ዋሽንግተን ነኝ። ጁገል ሐረር ያለችውን አንብቤ ልቤ ሞላ፤ እኛ እዚህ የምንፈልገው ድሬን ማየት ነው። ክሊፑን አዲስ አበባ ሄደህ በተከራየኸው መኪና ፊት እንዳትሠራው። ከመንገዱ፣ ከባጃጁ፣ ከእናቶች አለባበስ ጋር አሳየን።

ኦዲዮው ዓርብ ይውጣ፣ ክሊፑን ግን ቅዳሜ በፕሪሚየር (ሁሉም በአንድ ሰዓት አብሮ በሚያይበት) ልቀቀው፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ። በጥር እዚህ ያን ጊዜ ቀን 7 ሰዓት ነው፣ ሥራ የለም። እናንተም ሳትተኙ እኛም ሳንወጣ አብረን እናየዋለን፣ አስተያየቱ በመጀመሪያው ሰዓት ይሞላል።

ሁለቱን ቋንቋ መቀላቀልህን እንዳትሸማቀቅበት። ዓሊ ቢራ ከዚችው ከድሬ፣ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ተነሥቶ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በዓረብኛ ዘፍኗል። ግን እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግዕዝ ፊደል አያነቡም። ርዕሱን በግዕዝ ፊደል፣ ኦሮምኛውን በቁቤ፣ አማርኛውንም በላቲን ፊደል ጻፈው፤ ትርጉሙንም ከሥር በጽሑፍ አድርግልን።

የሳቢያኑ ድምፃዊ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ቅንብሩን ከዜሮ ለመሥራት ከልጁ ጋር ተስማምተናል፤ 12 ሺህ ብር፣ ወረቀቱንም ነገ እንፈራረማለን። ለባለ ቻናሉ የሁለት ዓመቱን ሐሳብ ልኬለታለሁ፣ አንብቦታል፣ ገና አልመለሰም። ቪው ሻጩን ዘግቼዋለሁ። ካሜራማኖቹን ደግሞ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ እንዴት እስከ ዛሬ እንዳላሰብኩት ገረመኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ስሜ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፌስቡክ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ዩቲዩብ ላይ በሁለት ነው። ችግር አለው?

ጁገል ሐረር፦

አለው። ለአከፋፋዩ ከማስገባትህ በፊት አንዱን ምረጥና ሁሉም ቦታ አንድ አድርገው፣ ክፍተቱና ነጥቡ ሳይቀር። በሁለት ዓይነት ከገባ ስፖቲፋይ ሁለት የተለያየ ዘፋኝ አድርጎ ሁለት ገጽ ይከፍትልሃል፣ አድማጭህም ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ በፊት በዚያው ስም የወጣ ሌላ ዘፋኝ እንዳለም ፈልግ፤ ካለ ዘፈንህ በእሱ ገጽ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ዛሬ ማታ ፈልገህ ንገረን።