የሰው ሐዘን ለምናብ ፊልም ይሆናል? ስለ «ሱዙሜ» የተደረገ ክርክር

ጠያቂዋ፦
ትናንት ማታ «ሱዙሜ»ን አየሁ። ማኮቶ ሺንካይ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የጃፓን አኒሜሽን ነው። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሱዙሜ የ17 ዓመት ልጅ ናት። ኪዩሹ ደሴት ላይ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ሰው ጥሏቸው በሄዳቸው ቦታዎች የቆሙ በሮች አሉ። በሩ ሲከፈት ትል የመሰለ ግዙፍ ቀይ ነገር ይወጣል። እሱ ሲወድቅ መሬት ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ እየሮጠች በሮቹን ትቆልፋለች። መጨረሻ ላይ የምትደርሰው ትውልድ ቀዬዋ ነው፤ እናቷን እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓንን በመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ያጣችበት ቦታ።

ጥያቄዬ ይኸው። ወደ 18,500 ሰው የሞተበትና የጠፋበት አደጋ፣ ገና 12 ዓመት ሳይሞላው፣ ድመት የሚያወራበት ፊልም ውስጥ መግባት ነበረበት? እኔ ነበረበት ባይ ነኝ።

መምህሩ፦
አልነበረበትም። ድመቷ አይደለችም ችግሬ፣ ቁልፉ ነው። ትሉን በቁልፍ ማስቆም የሚቻል ከሆነ ያን ቀን ለምን አልቆመም? ልጇን ማዕበል የወሰደባት እናት ይህን ብትጠይቅ ፊልሙ ምን ይላታል? የመሬት ቅርፊት ሲንሸራተት ጥፋተኛ የለም። በር ጠባቂ አለ ካልን ግን ያን ቀን የት ነበር የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሐዘንተኛ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጫን ተገቢ አይመስለኝም።

የሰንዳዩ፦
እኔ ያ አደጋ በደረሰበት አካባቢ ባለችው የጃፓን ከተማ፣ ሰንዳይ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን ማታ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ መጣና ስልኮቻችን በአንድ ጊዜ ጮኹ። አከራዬ ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ሳህን እያጠቡ ነበር። ሳህኑን አስቀመጡና የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ስልኩ ዝም አለ። መሬቱም ብዙ አልተነቃነቀም። እሳቸው ግን አልለቀቁም። ከእጃቸው የሳሙና አረፋ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ፊልሙ ውስጥ ያ ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ይጮኻል። አከፋፋዩም ፊልሙ ከመታየቱ በፊት አሳውቋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ትዕይንትና የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለው፣ ድምፁ ግን ከእውነተኛው የተለየ ነው ብሎ። ጥሩ አደረጉ። ይበቃል ወይ ካላችሁኝ ግን፣ ለአከራዬ አይበቃም።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ፣ የአከራይህ ነገር ልቤን ነካው። ለእሳቸው ፊልሙን እዩ አልልም። ጋሼ፣ የእርስዎን ግን አንድ በአንድ ልመልስ።

እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። ጎረቤት ወስደው አስቀመጡኝና «ውጭ አገር ሄዳለች፣ ትመጣለች» አሉኝ። ድንኳኑን በአጥር ቀዳዳ አየሁት። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ማንም ስላልነገረኝ ለዓመታት ጠበቅኳት።

ሱዙሜ ከፈረሰው ቤታቸው ግቢ በልጅነቷ የቀበረችውን ሳጥን ቆፍራ ታወጣለች። ውስጡ የአራት ዓመት ልጅ ማስታወሻ ደብተር አለ። አደጋው ከደረሰበት ቀን፣ ከማርች 11 ጀምሮ ገጹ ሁሉ በጥቁር ከለር ድፍን ተደርጓል። ገልብጣ ገልብጣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር። እዚያ ላይ አቁሜ ወጥቼ ውሃ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት። ማዕበሉን አንዴም አላሳዩንም እኮ! ያቺ ገጽ በቃች።

እናቷም አትመለስም፣ ይህንን ልብ ይበሉልኝ። ምናብ ነው፣ ቢፈልጉ ይመልሷት ነበር። ትንሿን ሱዙሜ የምታጽናናት ያደገችው ሱዙሜ ራሷ ናት። ታድጊያለሽ ትላታለች። እናቷ የሠራችላትን ትንሽ ወንበርም ትሰጣታለች፤ አንድ እግሩ የጎደለውን። የቁልፉ ነገርም ለእኔ አደጋን የመከልከል አይደለም። በሩን ከመቆለፏ በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ድምፅ ትሰማለች። «ሄድኩ»፣ «በሰላም ተመለስ»። የዚያን ቀን ጠዋት የተባባሉት ነው። ቦታውን ሳይሰናበቱት አይቆለፍም።

አክስቷንም አይርሷት። መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ልጅቷን በማሳደግ ዕድሜዋ እንዳለቀ ጮኻ ትነግራታለች። በኋላ ላይ ግን አልዋሸችም። አስቤው አውቃለሁ፣ ግን ያ ብቻ አይደለም አለቻት። እኔን ያሳደገችኝም አክስቴ ናት።

መምህሩ፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። የደብተሩን ነገር ተቀብያለሁ። የስንብቱም ነገር እንዳስብ አድርጎኛል። ግን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ምን እንዳደረጉ እንይ። ሱናሚው በመታት በሚናሚሳንሪኩ ከተማ ውስጥ 43 ሰዎች ያለቁበት የሕንፃ አጽም አለ። ይፍረስ፣ አይፍረስ ተብሎ ቤተሰብ ከቤተሰብ ዓመታት ተከራከረበት። ኦትሱቺ በምትባል ሌላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከንቲባውን ጨምሮ ብዙ ሠራተኞች የሞቱበት የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2019 ፈረሰ። በዚያ በኩል ሳልፍ ማየት አልችልም ያለ ሰው ነበር። ሕንፃ እንኳ እንዲህ የሚያም ከሆነ፣ ሲኒማ በመላው አገር ሲታይ ያ ሰው የት ይሂድ?

የሰንዳዩ፦
እውነት ነው። አይፍረስ ያሉት ደግሞ የሚቀጥለው ልጅ እንዲያውቅ ብለው ነው። ሺንካይም ወጣት ተመልካቾቹ አደጋውን እንደማያስታውሱት ተናግሯል። የአከራዬ የልጅ ልጅ ከአደጋው በኋላ ነው የተወለደችው። ፊልሙን ከጓደኞቿ ጋር አይታ መጣችና ማታ እራት ላይ «አያቴ፣ ያን ቀን የት ነበርሽ?» አለቻቸው። በዚያ ቤት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፣ እኔም ጭምር። አከራዬ ፊልሙን እስካሁን አላዩትም። ለልጅቷ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ነገሯት።

መምህሩ፦
ለዚያች ልጅ ስል ይሁን። ቁልፉ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።