ሺልድ «ሚዜ» ነበር ያልከው ሰውዬ፣ ና እስቲ አስረዳን

ሎላ ነጂ፦ ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ ስለ ማርቭል ስናወራ ዳጊ አንድ ቃል ጣል አድርጎ ተኛ። «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ ለፊልሞቹ ሚዜ ነበር፣ ሚዜ ደግሞ አይቆጠርም» አለን። እሱ ተኛ፣ እኔ ግን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጣሪያ ሳይ ነበር። የማርቭል የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ 136 ክፍል እኮ ነው! ሰባት ሲዝን፣ ከ2013 እስከ 2020። ኦባማ ነጩ ቤት እያለ ተጀምሮ ኮሮና መሀል ያለቀ ነገር እንዴት ነው የማይቆጠረው?

ዳጊ፦ እደግመዋለሁ፣ ምን ያስፈራኛል። የሺልዱን ሰላይ ኩልሰንን በ2012 አቬንጀርስ ፊልም ላይ ሎኪ ወጋው። አቬንጀርሶቹ አዘኑ፣ ተናደዱ፣ ኒውዮርክን አዳኑ። ከዚያ ሰውዬው ቴሌቪዥን ላይ ከሞት ተነስቶ ሰባት ዓመት ሲሯሯጥ ከነሱ አንዱ እንኳ «እንዴ፣ አለህ?» አላለውም። ቶኒ የለ፣ ስቲቭ የለ፣ ቶር የለ። ተዝካሩን በልተው ተነሱ። ካፕቴን ማርቭል ላይ ታይቷል እንዳትሉኝ ደግሞ፣ እሱ ታሪክ 1995 ላይ ነው፣ ሰውዬው ገና ጎረምሳ እያለ።

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ ዳጊ፣ አንተ ሚዜ ሆነህ ታውቃለህ ወይ? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ። ሚዜ ማለት እኮ በሙሽሪት በር ላይ ተገፍቶ፣ ተከራክሮ፣ ከኪሱ ከፍሎ ሙሽራውን የሚያስገባ ሰው ነው። ሺልድ ያደረገው ይሄንኑ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ለምን ቀዘቀዘ? ጠላታቸው ሃይድራ በስለላ ድርጅቱ በሺልድ ውስጥ ተሰግስጎ እንዳለ መናገር ስላልተፈቀደላቸው! የካፕቴን አሜሪካው ፊልም ዊንተር ሶልጀር ሚያዝያ 4 ቀን 2014 አሜሪካ ሲኒማ ቤት እስኪገባ 16 ክፍል ሙሉ በር ላይ አቆሟቸው። ፊልሙ በወጣ በአራተኛው ቀን 17ኛው ክፍል መጣና የኩልሰን ቡድን አባል ዋርድ ከሃዲ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ ሺልድን አፍርሶ፣ እጁን አራግፎ ሄደ። ሳህኑን ያጠበው ማን ነው?

ዳጊ፦ እኔስ ምን አልኩ? ሚዜ! ሳህን አጣቢም ጨምረሽልኛል፣ አመሰግናለሁ።

ሎላ ነጂ፦ አይ፣ አንተ ያልከው «አይቆጠርም» ነው። ቃልህን አትቀይር። ሚዜ ይቆጠራል። አልበሙን ክፈት፣ ከሙሽራው ቀጥሎ ያለው ማን ነው?

ዳጊ፦ አልበሙን ስንከፍትማ ነው ጉዱ። በ2024 ጥር ላይ ዲዝኒ ፕላስ እነ ዴርዴቪልን፣ ጄሲካ ጆንስን፣ ሉክ ኬጅን አንስቶ ከፊልሞቹ ጋር በአንድ ተራ ደረደራቸው። የኔትፍሊክስ ልጆች! የጎረቤት ልጆች አልበም ውስጥ ገቡ። በዲዝኒው ኤቢሲ ላይ፣ በገዛ ቤቱ ያደገው ሺልድ የለም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው?

ጋሽ ፊልሙ፦ ልጆች፣ ቀኑን እኔ ልንገራችሁ፣ እናንተ በፈረንጅ ስለምትቆጥሩ ጠፍቷችኋል። መጀመሪያ የታየው መስከረም 14 ቀን 2006 ነው፣ ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው። በዚያ ምሽት አሜሪካ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። እኔ ፍላሽ አስጭኜ ዘግይቼ ደረስኩ። አምስተኛው ክፍል ላይ ግን ወረድኩ። ሳምንት ሳምንት አንድ ዕቃ ይጠፋል፣ አንድ ሰው ያብዳል፣ አውሮፕላን ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሚዜም ይሁን ሙሽራ አሰልቺ ነበር። በኋላ የተመልካቹ ቁጥር የወረደው፣ ወደ ዓርብ ምሽት የገፉትም በምቀኝነት አይመስለኝም።

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ አምስተኛው ክፍል ላይ ወርደው ስለ 136ቱ ሲፈርዱ ደስ አይልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ፊት ፊቱን ቀምሰው «ጨው አነሰው» ብለው እንደመነሳት ነው፣ ክትፎው ገና ሳይመጣ።

ጋሽ ፊልሙ፦ ክትፎው በስንተኛው ሰዓት ነው የሚመጣው ልጄ? 17ኛው ላይ? እስከዚያ በረሃብ እሞታለሁ።

ሚሚ (የዋርድ ወገን)፦ ዋርድን «ከሃዲ» ያልሽውን አይቻለሁ ማሂ፣ አልረሳሁትም። ልጁ የቤተሰቡን ቤት አቃጥሎ ታስሮ ሳለ የሃይድራው ጋሬት ነው ያገኘው። ጫካ ውስጥ ከአንድ ውሻ ጋር ጥሎት ሄደ። ስንት ዓመት! እንደዛ ያደገ ሰው ምን እንዲሆን ነው የምትጠብቁት? ፍሬምወርክ በሚሉት የኮምፒውተር ዓለም ውስጥ ሕይወቱ ሌላ ሲሆን ዋርድ ጥሩ ሰው ሆኖ አልተገኘም? ጸሐፊዎቹ ራሳቸው መልሱን ሰጥተዋችኋል።

ኪሩ ሃይፋ፦ ሚሚዬ፣ የቡድኑን ሳይንቲስቶች ፊትዝንና ሲመንስን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ውቅያኖስ የወረወረው ማን ነው? ፊትዝ ትንፋሽ አጥቶ፣ ጭንቅላቱ ተጎድቶ፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ ቃል ሲጠፋበት ያላለቀስሽ እንደሆነ ልብሽን አስመርምሪ።

ሚሚ (የዋርድ ወገን)፦ አለቀስኩ። ሁለቱንም አንድ ላይ ማልቀስ ይቻላል።

ዳጊ፦ እዩት እንግዲህ፣ ክርክሩ ይቆጠራል አይቆጠርም ነበር፣ ዋርድ ተብሎ ቤተሰብ ሽምግልና ተጀመረ።

ሎላ ነጂ፦ አንተ ወደ ሚዜው ተመለስ። «አንዱ እንኳ አለህ ወይ አላለውም» አልክ አይደል? የሺልድ አለቃ ፊውሪ! ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ራሱ የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ላይ መጥቶ ኩልሰንን ዳይሬክተር አድርጎ ሾመው። የቶር ጓደኛ ሲፍ ከአስጋርድ መጥታለች። የፊውሪ ምክትል ማሪያ ሂል ገና የመጀመሪያው ክፍል ላይ አለች። ኤጅ ኦፍ አልትሮን ፊልም ላይ ፊውሪ ያችን ግዙፍ በራሪ መርከብ ይዞ ሲመጣ ከየት አመጣት? ኩልሰን ነው ደብቆ ያቆየለት፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ ተነግሯል።

ዳጊ፦ ፊልሙ ላይ የኩልሰን ስም ተጠራ?

ሎላ ነጂ፦ አልተጠራም፣ ግን...

ዳጊ፦ በቃ። ሚዜው ከፈለ፣ ሙሽራው ገባ፣ ማንም አላመሰገነም። ሚዜ!

ዝምታ፦ ዳጊ፣ በጥር ራስህ ሚዜ አልነበርክም እንዴ? ሱፍ ለብሰህ አይቼሃለሁ መሰለኝ።

ዳጊ፦ ነበርኩ። ሱፉን በራሴ ብር ተከራየሁ፣ መኪና ማስጌጫውንም ቻልኩ። ሙሽራው እስከ ዛሬ አልደወለም። ከልምድ ነው የማወራው።

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ 😂😂 ታዲያ ንዴትህን ለምን በኩልሰን ትወጣለህ?

ኪሩ ሃይፋ፦ ቁም ነገር ልናገር፣ ከፈቀዳችሁ። ጸቡ ያለው ጸሐፊዎቹ ጋ አይደለም፣ ከላይ ነው። ተከታታዩን የሚሠራው ማርቭል ቴሌቪዥን ነበር፣ ኃላፊው ጄፍ ሎብ፣ ከሱ በላይ የማርቭል አለቃ ፐርልሙተር። ፊልሞቹ የማርቭል ስቱዲዮስ ኃላፊ ኬቪን ፋይጊ ጋ ናቸው። በ2015 ፋይጊ ከፐርልሙተር ሥር ወጥቶ በቀጥታ ከዲዝኒ ስቱዲዮ ሰዎች ጋር ይሠራ ጀመር። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቤት መካከል አጥር ታጠረ። ማርቭል ቴሌቪዥን ራሱ በ2019 መጨረሻ ተዘጋ፣ የመጨረሻው ሲዝን ገና ሳይታይ። ስለዚህ «ፊልሞቹ አላነሱትም» ማለት ወንድማማቾች በውርስ ተጣልተው አንደኛው የሌላውን ልጅ አላውቅም እንዳለ ነው። ልጁ ግን አለ።

ዳጊ፦ የለም አላልኩም። አይቆጠርም ነው ያልኩት። ልጁ ውርሱ ላይ ተቆጠረ ወይ?

ሎላ ነጂ፦ አሁን ደግሞ ከሰርግ ወደ ፍርድ ቤት ገባን።

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ ኢንሂዩማንስን፣ ልዩ ኃይል ያላቸውን ዘር፣ አትርሱ እንጂ! እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ፣ የኩልሰን ቡድን ልጅ ስካይ ዴዚ ተብላ መሬት ማንቀጥቀጥ ከጀመረች ወዲህ፣ ስለ ኢንሂዩማን ዘር ያልተነገረ የለም። ለምን? በ2014 ትልቅ ፊልም ይመጣል ተብሎ ስለታወጀ ነዋ። ፊልሙ ተሰረዘ። ለማይመጣ ሙሽራ ድንኳን ተከሉ ማለት ነው። በ2017 በምትኩ የመጣውን ስምንት ክፍል ደግሞ ባንጠራው ይሻላል። ይሄ ሁሉ ተደርጎባቸው አራተኛውን ሲዝን መሥራታቸው ነው የሚገርመኝ።

ኪሩ ሃይፋ፦ አራተኛው! ጎስት ራይደር በሎስ አንጀለስ፣ ከዚያ ሮቦቶቹ፣ ከዚያ ፍሬምወርክ። ሦስት ታሪክ በአንድ ሲዝን። «ሴልፍ ኮንትሮል» የሚለው 15ኛው ክፍል ላይ ፊትዝና ሲመንስ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተፋጥጠው አንተ ነህ ሮቦቱ፣ አንቺ ነሽ ሲባባሉ መብራት ጠፋብኝ። ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ፊትዝ ነው እሷ ናት እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የማርቭል ፊልም እንደዚያ አላስጨነቀኝም። ፊትዝ ፍሬምወርክ ውስጥ ዶክተር ሆኖ፣ ከሃይድራ አለቆች አንዱ ሆኖ ሲመጣስ? ፊትዝን የሚጫወተው ልጁ ደ ካስቴከር ምን ያህል ተዋናይ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ሚሚ (የዋርድ ወገን)፦ የቡድኑ መካኒክ ማክ በዚያ ሐሰተኛ ዓለም ልጁ በሕይወት ስላለች አልወጣም ሲል... እዚህ ላይ እንኳ እንስማማ።

ሎላ ነጂ፦ እስማማለሁ። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ደግሞ «4,722 ሰዓት» አለ። ሲመንስ ከምድር ርቃ ባዕድ ፕላኔት ላይ፣ ክፍሉ የሷ ነው። ሲመንስን የምትጫወተው ሄንስትሪጅ ያን ክፍል ተሸክማ ወጣች። ፊልም ላይ ቢሆን ሽልማት በሽልማት ባደረጓት።

ጋሽ ፊልሙ፦ ፕላኔት ደግሞ መቼ ሄዱ? እኔ ስወርድ አውሮፕላን ላይ ነበሩ።

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ ጋሼ 😂 2091ም ሄደዋል። ፊትዝ 74 ዓመት በበረዶ ተኝቶ ነው የደረሰባቸው። ከዚያ ሰባተኛው ሲዝን ላይ ወደ 1931 ተመለሱ። ብዙ አምልጦዎታል።

ዳጊ፦ እሺ 2091ን አመጣሽልኝ። አምስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ታኖስ እየመጣ ነው ሲሉን ነበር፣ አይደል? ኢንፊኒቲ ዋር ፊልም ላይ ታኖስ ከዓለሙ ግማሹን አቧራ አድርጎ በተነ። ስድስተኛው ሲዝን መጣ፣ ቀጣዩ ፊልም ኢንድጌም በወጣ በሁለት ሳምንቱ። ታሪኩ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የተበተነ ሰው የለም! አንድ ሰው አቧራ አልሆነም! ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ ተቀምጦ እነሱ «ምን ሆናችሁ?» እንኳ አይሉም። ይሄን አስረዱኝና ሚዜ የሚለውን ቃል እተወዋለሁ።

(ለሃያ ደቂቃ ማንም አልጻፈም።)

ሎላ ነጂ፦ ሲቀርጹ ኢንድጌም ገና አልወጣም ነበር። ምን እንደሚሆን ሳይነገራቸው ምን ይጻፉ?

ዳጊ፦ አልነገሯቸውም! ለሚዜ የሰርጉን ቀን አልነገሩትም! ይሄ ከኔ በላይ የከፋ ነው እኮ፣ እኔን እንኳ ነግረውኛል።

ኪሩ ሃይፋ፦ ሌላ የጊዜ መስመር ውስጥ ናቸው የሚል ሰው አለ። የዓለምን መጥፋት ሲያስቀሩ ያኔ ተለዩ ይላሉ።

ዳጊ፦ ሌላ የጊዜ መስመር ማለት በአማርኛ አይቆጠርም ማለት ነው።

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ ኧረ ተወን! የዘንድሮ ፊልሞች በሙሉ ሌላ የጊዜ መስመር አይደሉም እንዴ? የነሱ ሲሆን መልቲቨርስ፣ የኛ ሲሆን ስህተት። የአስማት መጽሐፉን ዳርክሆልድን ራሱ ጎስት ራይደር ካለበት ሲዝን በኋላ በ2021 ዋንዳቪዥን ላይ ቅርጹን ቀይረው አመጡት። መጽሐፉን ወሰዱ፣ ሰዎቹን ተዉ።

ሎላ ነጂ፦ የስታርክን አሽከር ጃርቪስንም አትርሱ። ኤጀንት ካርተር ከሚለው ሌላው ተከታታይ ተነስቶ ኢንድጌም ላይ በር ከፍቶ ቆሟል፣ ያው ተዋናይ። ከፈለጉ ይችላሉ ማለት ነው። ለዴዚ ግን በር የሚከፍት ጠፋ።

ዝምታ፦ ዳጊ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ስንተኛው ሲዝን ድረስ አየህ?

ዳጊ፦ ጥያቄው ከርዕሱ ውጪ ነው።

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ ኡኡኡ! ስንተኛው? መልስ!

ዳጊ፦ ስድስተኛውን አንስቼ የተከራከርኩት ሳላይ ይመስልሻል?

ዝምታ፦ ይመስለኛል እንጂ። የሜይ እና የኩልሰን መጨረሻ ምን ሆነ?

ዳጊ፦ ኩልሰን ታሂቲ ሄዶ ሞተ።

ሎላ ነጂ፦ ያ አምስተኛው ነው። ከዚያ በኋላስ? 😏

ሚሚ (የዋርድ ወገን)፦ ዳጊ «ኦንላይን» ይላል፣ አይመልስም።

ጽዮን አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ትናንት ነው የገባሁት። ይሄን ሁሉ አንብቤ ማየት አማረኝ። ከ1 ልጀምር ወይስ ከ17?

ማሂ ዘቨርጂኒያ፦ ከ1። ዋርድን ሳትወጂው ክህደቱ አያምሽም።

ጋሽ ፊልሙ፦ ከ17፣ ልጄ። ጊዜሽን አታቃጥዪ።

ሚሚ (የዋርድ ወገን)፦ «ክህደት» የምትለዋን አሁንም አይቼሻለሁ ማሂ።

ዳጊ፦ ከዊንተር ሶልጀር ጀምሪ። ሙሽራውን ሳታውቂ ሚዜውን አትተዋወቂም።

ሎላ ነጂ፦ ስንተኛው ሲዝን ድረስ አየህ ተብለሃል ዳጊ።