የሕፃናት አንጀት ማይክሮባዮምና መቀንጨር፦ ናሙና ከመሰብሰቤ በፊት ምን ልወስን?

ጥያቄ፦ ዕጩ ዶክተር (ጎጃም)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ በማይክሮባዮሎጂ የሦስተኛ ዲግሪዬን በመሥራት ላይ እገኛለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት የሆናቸውን የገጠር ሕፃናት የአንጀት ማይክሮባዮም (በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን) ከመቀንጨር ጋር አያይዞ የሚመረምር ነው። የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶቻችን እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ በ2019 ደግሞ ቁጥሩ ወደ 37 በመቶ ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ቢሆንም፣ የተረፈው ሸክም ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል በ2022 የታተመ ትንተና፣ በዓለም የመረጃ ቋቶች ከተቀመጡትና አገራቸው ከታወቀው የሰው ማይክሮባዮም ናሙናዎች ከ71 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይቷል። የእኛ ልጆች አንጀት ውስጥ ምን እንዳለ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው፤ ርእሱን የመረጥሁትም ይህ ስለሚያሳስበኝ ነው።

አሁን ግን ከመስክ ሥራ በፊት መወሰን ያለብኝ ነገር በዝቶብኛል። ውጭ አገር የሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ሰገራውን ቀዝቅዞ እንዳለ ከላክሁለት ዲኤንኤውን አውጥቶ፣ ሲኩዌንስ አድርጎ (ቅደም ተከተሉን አንብቦ) እና ተንትኖ ውጤቱን ሊልክልኝ ፈቃደኛ ሆኗል። አማካሪዬ ደግሞ የእናቶች የጡት ወተትም እንዲታከል ይፈልጋሉ። በጀቴ ለሁሉም ሕፃናት የ16ኤስ ጂን (ባክቴሪያዎችን ለመለየት የሚያገለግለው አንድ ጂን) ንባብ፣ ወይም ለጥቂቶቹ ብቻ ሙሉ የሜታጂኖሚክስ (በናሙናው ያለውን ዲኤንኤ በሙሉ የሚያነብ) ንባብ ይበቃል። በዚህ ዘርፍ የሠራችሁ ባለሙያዎች እኔ ባለሁበት ደረጃ ብትሆኑ ኖሮ በቅድሚያ ምኑን ትወስኑ ነበር?

መልስ 1፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ (ጀርመን)

ውድ እህቴ፣ ከ16ኤስና ከሜታጂኖሚክስ ምርጫ በፊት የሚመጣው ዲኤንኤው በምን ዘዴ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃያ አንድ የዲኤንኤ ማውጫ ዘዴዎችን ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ አንድን ሰገራ በተለያየ ዘዴ ብናወጣው የምናገኘው የባክቴሪያ ስብጥር በእጅጉ ይለያያል። ይህ በእርስዎ ጥናት ላይ በተለይ ይከብዳል። ምክንያቱም ጡት በሚጠባ ሕፃን አንጀት ውስጥ የሚበዛው ቢፊዶባክቴሪየም የተባለው ባክቴሪያ ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ ስላለው፣ ናሙናው ከጥቃቅን ዶቃዎች ጋር በኃይል ካልተናጠ ዲኤንኤውን በቀላሉ አይሰጥም። በዚያ ላይ የ16ኤስን ጂን ከመጀመሪያው ጫፍ ለማንበብ ከሚያገለግሉት የተለመዱ ፕራይመሮች (ጂኑን ለይተው ቅጂውን የሚያስጀምሩ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) አንዱ ከቢፊዶባክቴሪየም ጋር በደንብ አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ «በእነዚህ ልጆች ቢፊዶባክቴሪየም አነስተኛ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ያነሰው በልጆቹ አንጀት ውስጥ ነው ወይስ በመሞከሪያ ቱቦው ውስጥ የሚለው ሳይለይ ሊቀር ይችላል። የዚሁን ጂን አራተኛ ተለዋዋጭ (ከባክቴሪያ ባክቴሪያ የሚለያይ) ክፍል የሚያነቡ ፕራይመሮችን ቢመርጡ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ከበርካታ የቀደሙ ጥናቶች ጋር ለማነጻጸርም ያመቻል።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተል ነው። የቀነጨሩትን ልጆች ናሙና በአንድ ሳምንት፣ የጤነኞቹን በሌላ ሳምንት እንዳያወጡ እለምንዎታለሁ፤ ናሙናዎቹ በዕጣ ይደባለቁ። በ2014 በብክለት ላይ የታተመው የታወቀ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ታይላንድ ውስጥ ከሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ከሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ የተወሰዱ ናሙናዎች በዕድሜ የተከፋፈሉ ይመስሉ ነበር፤ ሲመረመር ግን ልዩነቱን ያመጣው ናሙናዎቹ በተለያየ ጊዜ በተመረቱ የዲኤንኤ ማውጫ ኪቶች (የተዘጋጁ የኬሚካል ጥቅሎች) መሠራታቸው ነበር። ኪቱ ራሱ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ይዞ ይመጣል። ሰገራ በባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ ይህን እንደምንም ይቋቋመዋል፤ የጡት ወተት ግን ባክቴሪያው አነስተኛ ስለሆነ አይቋቋመውም። የእንግዴ ልጅም የራሱ ማይክሮባዮም አለው የሚለው የ2014 ግኝት ብዙ ከተወራለት በኋላ፣ በ2019 ኬምብሪጅ ላይ በጥንቃቄ የተሠራ ሰፊ ጥናት ከጥቂት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በስተቀር የታየው አብዛኛው ብክለት መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ ወተቱን ከጨመሩ በየዙሩ ምንም ናሙና የሌለበት ባዶ ቱቦ፣ እንዲሁም ስብጥሩ አስቀድሞ የታወቀ የባክቴሪያ ድብልቅ አብሮ ማለፍ አለበት፤ ባዶው ቱቦም እስከ ሲኩዌንሲንጉ ድረስ ይሂድ። ለዚህ በጀት ከሌለ ወተቱን ይተዉት፤ አማካሪዎም ምክንያቱ በጽሑፍ ቢቀርብላቸው ይረዱታል ብዬ አምናለሁ። የንባቡን ዓይነት በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ለሁሉም ሕፃናት 16ኤስ አሠራለሁ፤ የቀረውን ዲኤንኤ ደግሞ በሚገባ አቀዘቅዤ አስቀምጥና ገንዘብ ሲገኝ ከፊሉን ለሜታጂኖሚክስ እልካለሁ።

መልስ 2፦ የመስክ ጥናት አስተባባሪ (ደሴ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ ግን ከቱቦው በፊት ስላለው፣ ማለትም በእናትየው ደጃፍ ላይ ስለሚሆነው ልናገር፤ የብዙ ጥናቶች ዕጣ ፈንታ እዚያ ያልቃልና።

ትልቁ ጉዳይ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከማላዊ፣ ከቬንዙዌላና ከአሜሪካ የተሰበሰቡ ናሙናዎች እንዳሳዩት፣ የሕፃን አንጀት ማይክሮባዮም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በፍጥነት እየተለወጠ ወደ አዋቂ ሰው ይቀርባል። ስለዚህ በዚህ የዕድሜ ክልል ከሁሉም በላይ ስብጥሩን የሚወስነው ዕድሜ ነው። መቀንጨር ደግሞ የሚለካው ቁመትን ከዕድሜ ጋር በማነጻጸር ነው። እንግዲህ አንዲት እናት የልጇን ዕድሜ በአራት ወር አስበልጣ ብትነግርዎት ምን ይሆናል? ልጁ ለዕድሜው አጭር ሆኖ ይመዘገባል፤ ማይክሮባዮሙም ለዕድሜው ያልበሰለ መስሎ ይታያል። በአንዲት የዕድሜ ስሕተት ምክንያት ብቻ መቀንጨርና ያልበሰለ ማይክሮባዮም የተያያዙ መስለው ይወጣሉ፤ የትኛውም የስታቲስቲክስ ስሌት በኋላ ይህን አያርመውም። በገጠር የልደት የምስክር ወረቀት ባይኖርም የክትባት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ እሱም ከጠፋ የአካባቢውን በዓላትና ክስተቶች የያዘ የዘመን መቁጠሪያ ያዘጋጁ። «ዓምና» የሚል መልስ አይቀበሉ፤ «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሁዳዴ ገብቶ ነበር?» እያሉ ወሩ ላይ እስኪደርሱ ይጠይቁ። መረጃ ሰብሳቢዎችዎን ከምንም በላይ በዚህ ላይ ያሠልጥኗቸው።

ሁለተኛው አዚትሮማይሲን ነው። ትራኮማ በተስፋፋባቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች መድኃኒቱ ለመላው ኅብረተሰብ በዘመቻ ይታደላል፤ ስድስት ወር የሞላቸው ሕፃናትም በሽሮፕ መልክ ይወስዱታል። ይህ በአንጀት ባክቴሪያዎች ላይ በቀጥታ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ነው። በወረዳው የመጨረሻው ዘመቻ መቼ እንደተካሄደ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይውሰዱ፤ ልጁ መውሰድ አለመውሰዱንም ለየብቻ ይጠይቁ። የቀበሌዎቹ የዘመቻ ቀን የተለያየ ከሆነ፣ በቀበሌዎች መካከል የሚያዩት ልዩነት የመድኃኒቱ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ጾምንም አይርሱ። ሕፃናት ባይጾሙም ቤቱ ይጾማል። የቤተሰቡ ዕቃ በፍስክ ምግብ እንዳይነካ ሲባል እንቁላሉም ወተቱም ለሕፃኑ ሳይዘጋጅ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ግማሹን ናሙና በሁዳዴ፣ ግማሹን ከፋሲካ በኋላ ከሰበሰቡ ሁለት ዓይነት አመጋገብ እየለኩ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ በሐድዛ አዳኞች ላይ የተሠራውና በ2017 የታተመው ጥናት የአንጀት ስብጥር ከወቅቱ ምግብ ጋር እንደሚለዋወጥ ስላሳየ፣ ክረምትና በጋን መመዝገብም ግድ ይላል።

ናሙናውን ለማቆየት የመብራቱን ነገር ያውቁታል፤ ቅዳሜ ማታ ጠፍቶ ሰኞ የሚመለስ መብራትና ነዳጅ ያልተሞላለት ጄነሬተር ባለበት ዘመናዊው ፍሪዘር ብቻ ዋስትና አይሆንም። ባለ 95 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) በክፍል ሙቀት ለሳምንታት የባክቴሪያ ስብጥርን በደንብ እንደሚያቆይ በ2016 በታተመ ንጽጽር ተረጋግጧል። ባለ 70 በመቶው ግን አይመከርም፤ በየፋርማሲው የሚገኘው እሱ ስለሆነ ረዳቶችዎ እንዳይለዋውጡት ይጠንቀቁ። የመረጡትን ዘዴ ለሁሉም ሕፃናት አንድ ዓይነት ያድርጉት። ሌላው፣ በአካባቢያችን ሕፃኑ ዳይፐር ስለማይለብስ ሰገራው መሬት ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ንጹሕ የፕላስቲክ ወረቀትና ትንሽ ማንኪያ ያለው ጠርሙስ ዋዜማውን ለእናትየው ሰጥቶ፣ አፈር ያልነካውን መካከለኛ ክፍል እንድታነሣ አሳይቶ መመለስ ያስፈልጋል።

መልስ 3፦ መምህርና የምርምር አማካሪ (አዲስ አበባ)

ስለ ውጭው ላቦራቶሪ አጭር ሐሳብ አለኝ። ሰገራውን እንዳለ አይላኩ። ዲኤንኤውን አገር ውስጥ ያውጡና ከፊሉን እዚሁ አስቀርተው ከፊሉን ይላኩ። ኤታኖል ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ለመላክ ከሚያስከትለው ጣጣ ይገላገላሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥናቱ ዋና የእጅ ሥራ የእርስዎ ይሆናል።

አንድ ቱቦ ከመጓዙ በፊት የናሙና ዝውውር ስምምነቱ ይፈረም። በውስጡም የተረፈው ዲኤንኤ ምን እንደሚሆን፣ ከተፈቀደው ጥናት ውጭ ይጠቀሙበት እንደሆነ፣ ጥሬው የንባብ መረጃ ለእርስዎ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ፣ ቀዳሚ ጸሐፊና ተጠሪ ጸሐፊ ማን እንደሚሆን በግልጽ ይስፈር። በቃል የተባለ ደግ ነገር ሰዎቹ ሲቀያየሩ አብሮ ይጠፋል። እናቶቹ የሚፈርሙትም የስምምነት ቅጽ ናሙናው ከአገር እንደሚወጣና መረጃው ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት እንደሚሆን በሚገባቸው አማርኛ መግለጽ አለበት። የሰገራ ሜታጂኖም የሕፃኑን የራሱን ዲኤንኤም ስለሚይዝ፣ መረጃው ይፋ ከመሆኑ በፊት የሰው ቅደም ተከተሎች ተለይተው እንዲወጡ ይስማሙ።

ትንተናውንም አሳልፈው አይስጡ። ለዚህ የሚያገለግሉት እንደ ካይም 2 እና ዳዳ2 ያሉ ሶፍትዌሮች በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ የ16ኤስ መረጃም መካከለኛ አቅም ባለው ኮምፒውተር ይሠራል። የሚተባበርዎት ላቦራቶሪ ከልቡ ከሆነ ለሦስት ወር ጋብዞ ያስተምርዎት ብለው ይጠይቁ። ይህን ጠይቀው ፊቱ የሚጠቁርብዎት ተባባሪ ናሙናዎን እንጂ እርስዎን አልፈለገም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዕድሜው ጉዳይ በፕሮፖዛሌ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ያለፍሁት ስለሆነ እንደገና እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የመምሪያው ኮሚቴ «ማይክሮባዮሙ መቀንጨርን ያመጣል ወይስ መቀንጨሩ ማይክሮባዮሙን ይለውጣል?» ብሎ በጽኑ ጠይቆኛል፤ ጀርም አልባ (ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ያደጉ) አይጦች ላይ ካልሞከርሁ ጥናቱ ዋጋ የለውም የሚሉም አሉ። እንዲህ ዓይነት አይጦች በአገራችን ከየት ይገኛሉ?

መልስ 1፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ (ጀርመን)

አይጦቹ ባለመኖራቸው አይዘኑ። በ2020 የወጣ አንድ ግምገማ የሰውን ማይክሮባዮም ወደ አይጥ ያዛወሩ 38 ጥናቶችን ሲመረምር 36ቱ በሽታው አብሮ ተላልፏል ብለው እንደደመደሙ አግኝቷል። ሁሉም በሽታ እንዲህ በቀላሉ የሚተላለፍ ከሆነ ልንጠራጠር የሚገባን ዘዴውን ነው።

እርግጥ በሚገባ የተሠሩ አሉ። በ2013 የታተመው የማላዊ ጥናት 317 ጥንድ መንትዮችን ተከታትሎ፣ አንደኛው ክዋሺዮርኮር (ሰውነትን የሚያሳብጥ ከባድ የምግብ እጥረት) ሲይዘው ሌላኛው ጤነኛ ከሆነባቸው ጥንዶች ሰገራ ወስዶ ለአይጦች ሰጠ። የታመመውን ልጅ ማይክሮባዮም የተቀበሉት አይጦች ክፉኛ የከሱት ግን የማላዊን ምግብ ሲመገቡ ነበር፤ ባክቴሪያውና ምግቡ አንድ ላይ ሆነው ነው ጉዳቱን ያደረሱት። ከዚያ መሥመር የተነሣው ሥራ በ2021 ዳካ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ወደ ሕፃናት ደረሰ፤ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ከአረንጓዴ ሙዝ የተሠራው ምግብ ካሎሪው ከተለመደው ማሟያ ምግብ ያነሰ ሆኖ ሳለ ክብደታቸውን ይበልጥ አሻሽሏል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሕፃናት የመክሳት ችግር የነበረባቸው ናቸው፤ የእርስዎ ጥያቄ መቀንጨር ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ ማዛወር አይቻልም። በ2018 ከባንጊ (መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ) እና ከአንታናናሪቮ (ማዳጋስካር) የወጣው ጥናት ደግሞ በቀነጨሩ ልጆች ትንሹ አንጀት ውስጥ የአፍና የጉሮሮ ባክቴሪያዎች በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል። ሰገራ የሚነግረን በዋናነት የትልቁን አንጀት ሁኔታ ነውና፣ በውይይት ክፍልዎ ይህን በግልጽ ይጻፉት።

ለኮሚቴው ጥያቄ የተሻለው መልስ ክትትል ነው። የሕፃናቱን ቁጥር ቀንሰው ያንኑ ልጅ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ስምንት ወሩ ቢለኩትና ናሙና ቢወስዱለት፣ የትኛው ለውጥ እንደቀደመ ቢያንስ ማየት ይችላሉ። ስድስት ወር ላይ የሚያገኟቸው ልጆች ዕድሜም በክትባት ካርድ ለማረጋገጥ ይቀላል፤ መልስ 2 ያነሡትን ትልቅ ችግር በከፊል ያቃልልዎታል። በጥናትዎ ርእስ ላይም «ተጽዕኖ» የሚል ቃል ካለ «ግንኙነት» ብለው ይተኩት።

ጠያቂ፦

ክትትል የሚለው አማካሪዬንም የሚያስደስት ይመስለኛል። የጡት ወተቱን ለጊዜው ትቼ፣ በዚያ ገንዘብ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዙር ለመሸፈን ስሌቱን እሠራለሁ። የመጀመሪያው ዙር ከሁዳዴ በፊት እንዲያልቅ፣ የአዚትሮማይሲን ዘመቻውንም ቀን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በዚህ ሳምንት እጠይቃለሁ።