ክርክር፦ ስኳርና ደም ግፊትን መከላከል ከየት ይጀምር? ከማኅፀን ወይስ ከቦርጭ?

አወያይ፦ ስኳርና ደም ግፊት የሚጀምሩት በማኅፀንና በሕፃንነት በደረሰ የምግብ እጥረት ነው የሚሉ አሉ፤ የአዋቂው አኗኗር ነው የሚሉም አሉ። ለመከላከያው የሚመደበው ገንዘብ ግን ውስን ነው። ቅድሚያ ለእርጉዝ እናትና ለሕፃን ይሰጥ ወይስ ክብደት ለጨመረው አዋቂ? ሐሳባችሁን በምክንያት አቅርቡ።

ዮናስ፦ ለአዋቂው ነው እንጂ! በየሳምንቱ ቁርጥና ቢራ፣ ለሁለት ፌርማታ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ደግሞ «ማኅፀን ውስጥ ነው የተጎዳሁት» ማለት አይሆንም። ቦርጭ የራስ ሥራ ነው።

ሲስተር ሰላም፦ ዮናስ ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። ግማሹን ግን ስማኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው።) እንግሊዝ አገር ሄርትፎርድሺር ውስጥ ከ1911 ጀምሮ አዋላጆች የሕፃናትን ክብደት ሲወለዱና ዓመት ሲሞላቸው መዝግበው ያስቀምጡ ነበር። ዴቪድ ባርከር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር መዝገቡን አወጣና እነዚያ ልጆች አድገው በምን እንደሞቱ ተከታተለ። በ1989 ውጤቱን አሳተሙ። በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው አነስተኛ ከነበሩት ወንዶች መካከል በልብ ሕመም የሞቱት በዝተው ተገኙ። ወፍራሞቹ አይደሉም፣ ከሲታ ሆነው ያደጉት ናቸው።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ፣ ከሲታው ሕፃን የድሃ ልጅ ነው። አድጎም ድሃ ነው፤ ጭስ ያለበት ቤት ይኖራል፣ ከባድ ሥራ ይሠራል። ልቡን የጎዳው የሕፃንነት ክብደቱ ነው ወይስ ኑሮው? ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የሩሲያዋን ከተማ ሌኒንግራድን ከበው ሕዝቡን ያስራቡበትን ጊዜ አትርሺ። በዚያ ረሃብ ማኅፀን ውስጥ የነበሩት ሰዎች በ1997 በወጣ ጥናት ሲታዩ፣ ከሌሎቹ የተለየ የስኳር ችግር አልተገኘባቸውም።

ሲስተር ሰላም፦ ጋሼ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የያዙኝ። ድህነቱ የራሱ ድርሻ አለው፣ አልክድም። ሌኒንግራድን ግን ከሆላንድ ጋር ያስተያዩት። በዚያው ጦርነት፣ በ1944 መጨረሻ በአውሮፓ የብርድ ወራት ጀርመኖች ምግብ እንዳይገባ ሲዘጉ፣ በምዕራብ ሆላንድ የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። በግንቦት 1945 ነፃ ሲወጡ ምግቡ ወዲያው ተመለሰ። ረሃቡ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የደረሰባቸው ልጆች ሲያድጉ ውፍረትና የልብ ሕመም በዛባቸው። በእርግዝና መጨረሻ የደረሰባቸው ደግሞ ትንንሽ ሆነው ተወለዱ፤ በኋላም ሰውነታቸው ስኳርን መቆጣጠር አቃተው። ሌኒንግራድ ውስጥ ከበባው ካበቃ በኋላም ቶሎ ጥጋብ አልመጣም። ብዙ ተመራማሪዎች ልዩነቱን በዚህ ያስረዱታል። ሰውነት በእጥረት ተሠርቶ ትርፍ ሲመጣበት ነው የሚቸገረው። የእኛ ከተሞችም አሁን ያሉት እዚያው ላይ ነው። እናት በችግር ታረግዛለች፣ ልጁ አድጎ በዘይትና በለስላሳ ይከበባል።

አበባ ከአሽዶድ፣ እስራኤል፦ እኛ ጋ በዓይን የሚታይ ነው። ወላጆቻችን ከጎንደር ሲመጡ ስኳር በሽታ ብርቅ ነበር። አሁን በየቤቱ አለ። ደግሞ ብዙዎቹ ወፍራም አይደሉም! ትንሽ ኪሎ ሲጨምሩ ነው የሚይዛቸው።

ዮናስ፦ እንግዲያውስ ሕፃኑን እናወፍረው?

ሲስተር ሰላም፦ በፍጹም! የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። አንሶ የተወለደ ልጅ «ጉንጩ ይሙላ» ተብሎ ብስኩትና ጣፋጭ ጁስ ሲታጨቅ አያለሁ። ገና የተወለደን ልጅ ቅቤ የሚያስውጡም አሉ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ እንቁላልና ጥራጥሬ የገባበት ገንፎ፣ ጡቱ ሳይቋረጥ። ቁመቱ ከክብደቱ ጋር አብሮ ማደግ አለበት። ትንሽ ተወልዶ በኋላ በችኮላ የሚወፍረው ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

ጋሽ ታደሰ፦ ለእኛ አገር ማስረጃ አለሽ?

ሲስተር ሰላም፦ አለኝ። በራያ ቆቦ የ77ቱ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ረሃብ ማኅፀን ውስጥ ወይም በጨቅላነት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጓል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የስብ መዛባት በአንድነት የመገኘታቸው ነገር ከፍ ብሎ ታይቷል። በ2019 ጥናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው መቀንጨር፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ማጠር፣ ነበረባቸው።

ጋሽ ታደሰ፦ በረሃቡ ጊዜ የተወለዱት ከኋለኞቹ በዕድሜ ይበልጣሉ። ዕድሜ ራሱ ግፊት ያመጣል። እንዲህ ያለው ንጽጽር ብዙ ጊዜ ይህ ድክመት አለበት። መቀንጨሩን ግን ተቀብያለሁ፤ ለእሱ ብር ይመደብ ብትዪ እፈርማለሁ።

ሲስተር ሰላም፦ እኔም አዋቂው ይረሳ አላልኩም። የ77 ልጆች ዛሬ አርባዎቹን ይዘዋል። ለራስ ምታት ሲመጡ «ቀጭን ነው» ተብለው ግፊታቸው ሳይለካ ይመለሳሉ። ይህ ያናድደኛል። ከዚያ ደግሞ በየጤና ጣቢያው ማዋለጃ የሚሠራ ሚዛን ይኑር፣ ክብደቱም በካርዱ ላይ ይጻፍ። በ2016 ጥናት ሲታይ አብዛኞቹ ሕፃናት ሲወለዱ አልተመዘኑም። ካልመዘንን የቱን ልጅ እንደምንከታተል በምን እናውቃለን?

ዮናስ፦ አዋቂው ይቅደም ያልኩትን አልተውኩም፤ ዛሬ እየሞተ ያለው እሱ ነው። ግን በወገብ ልክ ብቻ መምረጡ ትክክል እንዳልሆነ ገባኝ። የግፊት መለኪያውና የሕፃን ሚዛኑ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እዚህ ይጻፍልን፣ በቁጥር እንነጋገር።