ከአያቴ የተረፉ የታተሙ ወረቀቶች፦ ለይቶ መሸጥ ወይስ ሳይበተኑ ማቆየት?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አያቴ በጃንሆይ ዘመን በወረዳ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከእርሳቸው በተረፈ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በአቅኚ አባት (መሬቱን መጀመሪያ ባቀናው የዘር አባት) ስም የተቆረጡ የግብር ደረሰኞች፣ ጥቂት የአዲስ ዘመን ጋዜጣ እትሞች፣ የሠርግ መጥሪያዎች፣ በጣሊያንኛ የታተመ የጎጃም ካርታ፣ እንዲሁም በጠላት ወረራ መጨረሻ ከአውሮፕላን የተበተነ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ አሉ። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ካርታውንና በራሪውን ወረቀት ብቻ በጥሩ ዋጋ ልግዛ ብሎኛል፤ ደረሰኙንና መጥሪያውን ግን አገላብጦ እንኳ ሳያይ «ይህ ለማገዶ ነው» አለኝ። ቤተሰቡ በሁለት ተከፍሏል። ዋጋ ያለውን ለይቶ መሸጥ ያስነውራል? ካልተሸጠስ ሁሉንም ምስጥና ጢስ በማይጠፋበት ቤት እንዴት አድርጌ ላቆየው?

መምህር ዘዳንግላ፦

ወንድሜ፣ እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠብቀው ነጋዴው ለማገዶ ያለውን ነው። የጣሊያን ካርታ በብዛት የታተመ ነገር ነው፤ መቀመጫው ፍሎረንስ የነበረው የጣሊያን ወታደራዊ የጂኦግራፊ ተቋም ያተማቸው ሉሆች ዛሬም በአውሮፓ የአሮጌ ወረቀት ገበያ ይገኛሉ። የደረሰኙ ቀሪ ግን በግምጃ ቤት ካልተረፈ በቀር፣ እርስዎ ዘንድ ያለው ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው።

ጎጃም ርስቱን በቃላድ (በመለኪያ ገመድ) አላስለካም ብሎ የቆየ አገር መሆኑን ያውቃሉ። ግብሩ በአቅኚው ስም ተቆጥሮ በዘር ሐረግ ይከፋፈል ስለነበር፣ አንድ ብጣቂ ደረሰኝ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው አጥቢያ፣ በማን አለቃነት ይገብር እንደነበር ይናገራል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በሞጣ፣ በዳሞትና በብቸና የተነሣውን ዐመፅ የሚያጠና ሰው ከዐመፁ በፊትና በኋላ የተቆረጡ ደረሰኞችን ጎን ለጎን ቢያገኝ፣ የግብሩን አዋጅ ብቻ አንብቦ ከሚደርስበት እጅግ የራቀ ነገር ይደርስበታል። የሠርግ መጥሪያውንም አይናቁት፤ ግርጌውን ቢያዩ አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ስም ያገኛሉ፤ የአገራችን ሰው በየትኛው ዓመት የት ድረስ ሄዶ ያሳትም እንደነበር ከዚያ የተሻለ የሚነግረን ምንጭ ብዙ የለም።

በራሪው ወረቀት ሌላ ጉዳይ ነው። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. እንዲህ ያሉ አዋጆች ጎጃም ላይ ከአየር ሲበተኑ፣ «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣም በካርቱም እየታተመ ለአርበኞች ይደርስ ነበር። ጠላት ያየበትን ሰው ይቀጣ ስለነበር ብዙው ተቃጥሏል፤ የተረፈው ሰው ደብቆ ያኖረው ነው። አያትዎ የት አግኝተው የት እንደደበቁት የሚያስታውስ ሽማግሌ በቤተሰቡ ካለ ዛሬውኑ ይጠይቁና ይጻፉት። ነጋዴው ወረቀቱን እንጂ ያንን ቃል አይገዛም፤ ያለዚያ ቃል ደግሞ ወረቀቱ ከየትም የመጣ ወረቀት ነው።

ካርታውን ለማወቅ ከፈለጉ የታተመበትን ዓመት ጥግ ላይ ይፈልጉ። ከተለመደው ዓመት አጠገብ በሮማውያን ቁጥር የፋሺስቶቹ ዘመን ተጽፎ ይገኛል፤ XV (15) የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1936 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1937 መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ፣ እኛው ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን የጣና ዳርቻንና የአባይን ሸለቆ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ ካሳተመው ካርታ ጋር ቢያስተያዩት፣ የትኛው መንደር በማን ካርታ ላይ እንዳለና በማን ላይ እንደሌለ መከታተል ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ጠራዧ (ባሕር ዳር)፦

እኔ በቤተ መጻሕፍት የጥረዛ ሥራ ላይ ስላለሁ ስለ አያያዙ ብቻ ልናገር። ከሁሉ በፊት ምንም ነገር ከቦታው ሳያነሡ ሣጥኑን እንደተከፈተ ፎቶ ያንሡት፤ የትኛው ወረቀት ከየትኛው ጋር እንደታጠፈ ማወቅ በኋላ ይጠቅማል። ቀጥሎ ስፒልና አግራፍ ካለ ያውጡ፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል። የተቀደደውን በስኮች አይለጥፉ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል። ላሚኔት ማድረግን ግን ከሁሉ የከፋ እላለሁ፤ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይለቅም፤ ብዙ ሰው ደግሞ የልጁን ዲፕሎማ ያከበረ እየመሰለው የአያቱንም ደብዳቤ ያንኑ ያደርገዋል።

ጋዜጣው ከፈጨ እንጨት በተሠራ ወረቀት የታተመ ስለሆነ ብርሃን ባገኘው ቁጥር ይቢጫል፤ አሲዱም ወደ ጎረቤቱ ይጋባል። ስለዚህ ከደረሰኙ ለይተው፣ አሲድ የሌለበት ወረቀት ቢያገኙ በዚያ፣ ካልሆነም ንጹሕና ነጭ በሆነ ወረቀት እያለበሱ ለብቻው ያስተኙት። ካርታውን አይጠቅልሉት፤ ተዘርግቶ ይተኛ። ሣጥኑ ከመሬትም ከግድግዳም ርቆ በቆጥ ወይም በመደርደሪያ ላይ ይሁን፤ ከምድጃው ክፍል ግን ይውጣ። የተባይ መድኃኒት ወረቀቱ ላይ አይርጩ፤ በየሁለት ሦስት ወሩ ከፍቶ ማየት ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ምልክት መጻፍ ካለብዎ በጀርባው፣ በለስላሳ እርሳስ ብቻ።

ከነገሩ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በገጠር በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ የድሮ ጋዜጣና የቅዱሳን የኅትመት ሥዕል እስካሁን ያለባቸው ቤቶች አሉ። ቤቱ ሊፈርስ ነው ሲባል ሰው ለመንቀል ይሮጣል፤ ከግድግዳው ጋር ግን አብሮ ይቦጨቃል። አስቀድማችሁ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ፎቶ አንሡ።

የመንቆረር ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ካርታውን እንዳልሸጠው ወስኛለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ስብስቡን ለማሟላት ጎጃምን የሚያሳይ የጀርመናዊውን ሊቅ የሉዶልፍን የድሮ ካርታ ከውጭ ብገዛ ምን ይመስላችኋል? ደረሰኞቹንስ በኢንተርኔት ላይ ባወጣቸው ችግር አለው?

ካርታ ወዳድ፦

ስለ መጀመሪያው ልመልስ። የሉዶልፍ ካርታ እ.ኤ.አ. በ1683 የታተመ ሲሆን፣ የሐበሻን ነገር ለሉዶልፍ ያስረዱት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ ስለነበሩ ለእኛ የተለየ ቦታ አለው። ከዚያ በፊት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1573 የታተመው የካርታ ሠሪው የኦርቴሊየስ ካርታ፣ የአገራችንን ስሞች ከምድር ወገብ በታች ድረስ ዘርግቶ ይበትናቸዋል። አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንደ ቀለበት ሲከብብ በትክክል የታየው የዬሱሳዊው (የካቶሊክ ሚስዮናዊው) የአልሜዳ ካርታ በማኅበር ባልደረባው በቴሌስ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1660 ሲታተም ነው፤ ሉዶልፍም ያንን ተከተለ።

ለመግዛት ግን አይቸኩሉ። ገበያ ላይ ያለው ብዙው አዲስ ቅጂ ነው። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ካርታ በጠርዙ ዙሪያ ሰሌዳው የተጫነበት ስርጉድ መስመር ይኖረዋል፤ በጣት ይዳሰሳል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት መስመሩ ያልተቆራረጠ ከሆነ መልካም፤ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካዩ የዘመናችን ኅትመት ነው። እውነተኛው ቢሆን እንኳ አብዛኛው ካርታ ከመጽሐፍ ተገንጥሎ የሚሸጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤድንበራ የታተመው የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የብሩስ የጉዞ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ታርዷል። በእኔ ግምት ለዚያ የሚያወጡት ገንዘብ ጥሩ ስካነር ቢገዛበት ይሻላል፤ ትናንሾቹን ደረሰኞች በ600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት ልክ) አንሥተው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። የሉዶልፍን ካርታ ለማየት ብቻ ከሆነ ትልልቆቹ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ምስሉን በነፃ አውጥተውታል።

የእርስዎንም ቢሆን ለውጭ ገዢ እንዳይሰጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በቤት ማቆየት ካልቻሉ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) ወይም ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያነጋግሩ፤ ሲያስረክቡም ስብስቡ ሳይበተን በአያትዎ ስም እንዲመዘገብ በጽሑፍ ይጠይቁ።

መምህር ዘዳንግላ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውምና እኔ ልበል። ደረሰኝ በእኛ አገር ተራ ወረቀት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜ «ቢሮክራት» (በቀድሞ ሥርዓት ሹመት የነበረው) ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ቤተሰብ አሁንም አለ፤ ማን በማን ዘመን ግብር ሰብሳቢ ወይም ጭቃ ሹም እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት በአደባባይ ሲወጣ ጎረቤት ከጎረቤት ሊያጋጭ ይችላል። የርስት ክርክር ያለበትም አለ። ጋዜጣውን፣ ካርታውንና አዋጁን እንዳሉ ያውጧቸው፤ ከደረሰኞቹ ግን ዓመቱ፣ የገንዘቡ ልክና ማኅተሙ እየታየ የከፋዩ፣ የሰብሳቢውና የአጥቢያው ስም ይሸፈን። ያልተሸፈነውን ምስል ለተመራማሪ በእጅ መስጠት ይችላሉ፤ ያንንም ቢሆን ስማቸው ያለበትን ቤተሰቦች አስቀድመው አማክረው።