እንግሊዝ ያላችሁ እርዱኝ፣ ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) ላለባቸው እናት አድቮኬት (ስለሳቸው የሚናገርላቸው ሰው) እንዴት ነው የሚጠየቀው?

ሰላም ወገኖች፣ እንግሊዝ አገር ሶሻል ወርክ የምትሰሩ ካላችሁ እባካችሁ መላ በሉኝ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ዲሜንሺያ አለባቸው፣ እዚህ ልጅም ዘመድም የላቸውም፣ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው አሁን አማርኛ ብቻ ነው የሚያወሩት፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ደግሞ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ሊያስገባቸው ነው። አሰስመንቱን (የሁኔታቸውን ግምገማ) ያደረጉት በስልክ አስተርጓሚ ነው፣ እሳቸው ማን እንደሚያናግራቸው እንኳን አልገባቸውም፣ ዝም ሲሉ መወሰን አይችሉም ተብሎ ተጻፈ። በጣም ነው ያንገበገበኝ፣ ምክንያቱም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ ለሚያናግራቸው ሰው ቤቴን አልለቅም ይላሉ፣ በግልጽ።

እንዳነበብኩት በ2005ቱ የሜንታል ካፓሲቲ ሕግ፣ ለመወሰን አቅም የለውም የተባለና ስለሱ የሚጠየቅ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ የሌለው ሰው ከ8 ሳምንት በላይ ኬር ሆም ሊያስገቡት ከሆነ ገለልተኛ አድቮኬት ሊመደብለት ይገባል፣ የ2014ቱ ኬር አክት የሚባለው ሕግም ለአሰስመንት ተመሳሳይ ነገር አለው። ሶሻል ወርከሯ ግን "አንቺ አለሽላቸው አይደል" አለችኝ። እኔ እኮ ጎረቤት ነኝ፣ ሕጉን አላውቅ፣ ስራዬም የሌሊት ነው። አልችልም ብል ስለሳቸው ከሚደረገው ስብሰባ ጭራሽ ያስወጡኝ ይሆን? አድቮኬቱስ አማርኛ የሚችል ወይ በአካል የሚመጣ አስተርጓሚ ያለው እንዲሆን በኢሜይል ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ስብሰባው ሰኞ ነው።